ጉቶው ይመስክር

አበዛሽ ሁለት ነገር ያለ ጥርጥር አውቃለሁ ትላለች፤ መጽሐፍ ቅዱስና እንጨት። መጽሐፍ ቅዱሱን ለጌታ እንተወው። እንጨቱን ግን ከአባቷ ነው የወረሰችው። አባቷ ሻሸመኔ ላይ ጣውላ ቤት ነበራቸው፤ እሷም ሰጋቱራ ውስጥ እየተንከባለለች ነው ያደገችው። ዓይኗን ጨፍና በጠረኑ ብቻ ዝግባውን ከጥዱ ትለያለች። አሜሪካ ከመጣች ሃያ ምናምን ዓመት ሆናት፤ ይሄን ችሎታዋን አንድ ሰው ጠይቋት አያውቅም። አትላንታ ዳር ሮዝዌል ባለው የአረጋውያን መጦሪያ አንሶላ ስታጥብም፣ በኋላ የላውንድሪው ሱፐርቫይዘር ስትሆንም፣ አንድ ፈረንጅ እንኳን "ለመሆኑ ስለ እንጨት ታውቂያለሽ?" አላላትም። ሰው የሚያውቀውን ሳይጠየቅ ሲቀር እውቀቱ ሆዱ ውስጥ ይቦካል። የአበዛሽም ቦክቶ ነበር።

ኖርክሮስ ላይ ቤት ሲገዙ ዛፉ ከጓሮ ቆሞ ጠበቃቸው። ግንዱን ሁለት ሰው ተያይዞ ካልሆነ አያቅፈውም፤ ልጡ ቀይ ነው፣ ቅጠሉ ክረምት ከበጋ አይረግፍም፣ ቁመቱ የጎረቤቱን ሁሉ ጣሪያ ሦስት እጥፍ ያስንቃል። ቤቱን የሸጠላቸው ሽማግሌ መምህር ተወልዶ ያደገው ካሊፎርኒያ፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ደኖች አጠገብ ነበርና ችግኙን ከዚያ በመኪናው አምጥቶ የተከለው ራሱ ነው። ቁልፉን ሲያስረክባቸው ግንዱን በመዳፉ ቸብ ቸብ አድርጎ "ይሄ ሬድውድ ነው። በአገሩ ጭጋግ እየጠጣ ሁለት ሺህ ዓመት ይኖራል። አደራ" አላቸው። የአበዛሽ ባል ዘገየ "እሺ" አለ። አበዛሽ ግን ቅጠሉን በጣቶቿ አሽታ አሸተተችና በአማርኛ "ምን ሬድውድ ይለኛል፤ የፈረንጅ ጥድ ነው" ብላ ፈረደች። ሽማግሌው የመረቀችው መስሎት ፈገግ አለ።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ዛፉ ማንንም አልነካ፣ ማንም እሱን አልነካ። እንግዳ ሲመጣ አድራሻቸው እሱ ነበር፤ "ከሀይዌዩ ስትወጡ ረጅሙን ዛፍ እያያችሁ ኑ" ይላሉ። ዘገየ ኮንየርስ ካለው ዌርሃውስ ፎርክሊፍት ሲነዳ ውሎ ሲመጣ ወንበሩን እዚያ ሥር ያስቀምጥና ጫማውን ያወልቃል። ሰው ነገሬ ብሎ የሚያየው ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ምራቲቱ እንምጣ። ልዕልት ትባላለች፤ የሐዋሳ ልጅ ናት። የአበዛሽ አንድያ ልጅ ኤልቃና ለዘመድ ሰርግ ሄዶ እዚያው አያት፣ ወደዳት፣ ፕሮሰስ ጀመረላት፣ በዓመት ከመንፈቋ መጣች። ኤልቃና በስምንት ዓመቱ አሜሪካ የገባ፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ነው። የሚሠራውም ከቤት ነው፤ ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንቱ፣ ለሱና ለሚስቱ ተለቀቀላቸው። ልዕልት የነርስ ረዳትነት ሰርተፊኬቷን በስድስት ወር አወጣች። ከሥራ መጥታ የራሷን ማዕድ ብቻ ሳይሆን የአማቶቿንም ታነሳለች። አበዛሽን "እማማ" እያለች፣ አንቱ እያለች፣ አንድ ቀን ድምጿ ከፍ ሳይል አራት ዓመት ኖረች። በዚህ አራት ዓመት ውስጥ ሁለቴ አረገዘች፣ ሁለቴም አስወረዳት።

ለመጀመሪያው አበዛሽ ከልቧ አዘነች፤ ይሄን መካድ አይቻልም። ሾርባ ሠራች፣ ግንባሯን ስማ ጸለየችላት። ለሁለተኛው ግን ሐዘኗ ወደ ጥርጣሬ ዞረ። "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም" ማለት አመጣች፤ እቃ እያጠበች፣ ለራሷ የምታወራ መስላ፣ ልዕልት በምትሰማበት ርቀት። ልዕልት ሰምታ ማዕዱን ማንሳቷን ትቀጥላለች። ኤልቃና ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው፤ እሱ መቼ ሰምቶ ያውቃል!

ጥር መጨረሻ ላይ ነቢይ አሸብር የሚባል አገልጋይ ለኮንፈረንስ ከዳላስ ተጋብዞ ቸርቻቸው መጣ። መድረኩ ላይ ላቡን እየጠረገ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ዛፍ አያለሁ!" አለ። "በግቢያችሁ ዛፍ አለ! ረጅም! ቅጠሉ የማይረግፍ! ቅድመ አያቶቻችሁ ቅቤ ሲቀቡት የኖሩት አድባር ባሕር ተሻግሮ ተከትሏችሁ መጥቷል! የአንዲት ሴት ማሕፀን እሱ ሥር ታስሯል!"

እንግዲህ አትላንታ ውስጥ ረጅም ዛፍ የሌለበት ግቢ ከተገኘ የመኪና ማቆሚያ መሆን አለበት። አበዛሽ ግን ስሟ የተጠራ ያህል ከወንበሯ ተፈናጥራ ተነሳች። "የኔ ነው! ጌታ ሆይ፣ የኔ ግቢ ነው!" እያለች ወደ መድረኩ ሮጠች፤ ልዕልትን በክንዷ እየጎተተች። ሰዉ ሁሉ እልል አለ። ነቢዩም እጁን ልዕልት ሆድ ላይ ሳይሆን አበዛሽ ራስ ላይ ጭኖ "ቁረጪው!" አላት።

ማታ ራት ላይ ዘገየ፣ ብዙ የማይናገረው ዘገየ፣ አንድ ነገር ጠየቀ። "ይሄን ዛፍ የተከለው ፈረንጅ ነው፤ የዛፉም እድሜ አርባ አይሞላ። አያቶቻችን መቼ መጥተው ነው ቅቤ የቀቡት?"

"አንተ ሁልጊዜም እምነት ይጎድልሃል" አለችው አበዛሽ።

የካቲት ውስጥ ቶሚ የሚባል ዛፍ ቆራጭ ክሬኑንና ሠራተኞቹን ይዞ መጣ። ቀኑን ሙሉ ፈጀባቸው። ቅርንጫፉ አንድ ባንድ እየተጎመደ ይወርዳል፤ መፍጫው ሰፈሩን ያደነቁራል፤ አበዛሽ ከቤቱ ኋላ ባለው የእንጨት በረንዳ፣ ዴኩ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ በልሳን ትጸልያለች። ልዕልት በቤዝመንቱ በር ላይ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። አበዛሽ አየቻት። "የታሰረ ሲፈታ እንዲህ ነው የሚያስለቅሰው" አለች በልቧ፤ ደስም አላት።

ግንዱ ከወደቀ በኋላ ቶሚ ወደ ጉቶው እየጠቆመ ከኤልቃና ጋር ብዙ አወራ። አበዛሽ ከዴኩ ላይ ሆና በጩኸቱ መሀል "ምን ይላል?" አለች።

"ጉቶው ይፈጭ ወይ ይላል!"

"አይፈጭም! ይቆይ!" አለች። በዚህች ሰዓት ሃያ ዓመት የቦካው እውቀት ገነፈለ። "ባሕር ዛፍ ቢሆን እሺ፣ ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠ አለቀለት። የጣውላ ነጋዴ ልጅ ነኝ፣ ለኔ ማንም አይነግረኝም! ጉቶው ደርቆ ይቆይና ይመስክር!"

ኤልቃና ትከሻውን ሰበቀና ለቶሚ የሆነ ነገር አለው። ቶሚም ትከሻውን ሰብቆ መጋዙን መኪናው ላይ ጫነ።

መጋቢት ላይ ልዕልት አረገዘች።

አበዛሽን ያኔ ያያት ሰው! "ልዕልቴ" ማለት ጀመረች። ደረጃ አትውጪ፣ ውሃ አታንሺ፣ ሺፍት ቀንሺ። የልዕልትን ልብስ በገዛ እጇ አጥፋ ታስቀምጣለች። የልዕልት ፊት ደግሞ፣ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት እንዳለ እንግዳ ሲጨነቅ የኖረው ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። አንድ ቀን እንዲያውም ሁለቱ ኩሽና ውስጥ በሆነ ነገር ሲስቁ ዘገየ ሰምቶ ገርሞት በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እዚያ ላይ ቢበቃ ምን አለበት!

አበዛሽ ግን ዝም ብላ የምትደሰት ሴት አይደለችም፤ ደስታዋ ሕዝብ ካላየው አይጥማትም። ለፋሲካ እሑድ ምስክርነት ተራ አስያዘች። የጉቶውን ፎቶ ለሚዲያ ልጆች ልካ በትልቁ ስክሪን አስወጣችው። ማይኩን ይዛ "ይሄን ጉቶ እዩልኝ!" አለች። "ጥድ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም! የልጄ ቤት ጠላትም አያቆጠቁጥም! ይሄ ጉቶ አንዲት ቅጠል ቢያወጣ ተነስታችሁ አበዛሽ ዋሽታለች በሉኝ!" አዳራሹ በሃሌሉያ ተናጋ። ልዕልት ከባሏ አጠገብ አንገቷን ደፍታ ቁጭ ብላለች፤ ዘጠኝ ሳምንቷ ነው፣ እንኳን ሕዝብ ፊት ለእናቷም ገና አልነገረችም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት አበዛሽ ሻይዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ጉቶው ዙሪያ፣ ልጡና እንጨቱ የሚገናኙበት ላይ፣ ጣት የማይሞሉ አረንጓዴ ነገሮች ብቅ ብለዋል። አረም መሰላት። ጎንበስ ብላ ነቀለችውና አሽታ አሸተተችው። አረም አልነበረም። ራሱ ነው፣ ያ ሽታ ነው። ሻዩ ከእጇ ወደቀ።

በአባቷ ጣውላ ቤት፣ በዚያ ሁሉ ጫካ፣ በዚያ ሁሉ ጉቶ፣ ጥድ ሲያቆጠቁጥ አይታም ሰምታም አታውቅም። ስለዚህ ጥድ ላይሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ነበር የሚቀናው። ያ ሽማግሌ ሌላ ስም ነግሯት ነበር እኮ! ግን ይሄ ሐሳብ በአበዛሽ ራስ አጠገብ እንኳን አላለፈም። እሷ የምታውቀው ተሳስቶ አያውቅማ። ፈራች። "መንፈሱ ተመለሰ" አለች።

ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ከመሄዷ በፊት በኩሽና ቢላዋ ትቆርጠዋለች። እሱም በማግስቱ ይጨምራል፤ ስምንት የነበረው ሠላሳ ሆነ። ልዕልት አንድ ጠዋት በመስኮት አየቻትና "እማማ፣ ምን እየቆረጡ ነው? ልርዳዎት?" አለች።

"አረም ነው፤ ግቢ ግቢ" አለቻት፣ ቢላዋውን ከጀርባዋ ደብቃ።

በእርግዝናዋ አሥራ ሁለተኛ ሳምንት ልዕልትን ሥራ ቦታ ደም ፈሰሳት። ሆስፒታል አደረች፤ ባዶ እጇን ተመለሰች። እቤት ስትገባ አበዛሽ ከሶፋው አልተነሳችም። "ጌታ ያውቃል" ብቻ ነው ያለቻት።

የጸሎት እህቶች ሊያጽናኑ በመጡበት ቅዳሜ አበዛሽ ሁለት ሳምንት ደብል ሺፍት ስትሠራ ከርማ ስለነበር ጉቶውን አላየችውም። እሱ ግን ሥራውን አልተወም። ከሴቶቹ አንዷ፣ የቸርቹ ወሬ ሁሉ በአፏ የሚያልፈው ውባየሁ፣ አየር ልውሰድ ብላ ዴኩ ላይ ወጣች።

"ውይ አቢ!" ስትል ተሰማች። "ይሄ ያ ዛፍ አይደለም እንዴ? አያቆጠቁጥም አላልሽም?"

ሁሉም ወጥተው አዩ። እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ለምልሟል፤ ያምራል። አንዷ ስልኳን አወጣችና ፎቶ አነሳች።

አሁን ነገሩ ሁለት ነው፤ ሦስተኛ የለውም። ወይ አበዛሽ እንጨት አታውቅም፣ በስክሪን ያሳየችውም ምስክርነት ባዶ ነው፤ ወይ ደግሞ እሷ ልክ ናት፣ ያቆጠቆጠው እቤቱ ውስጥ በተደበቀ ኃጢአት ነው። አበዛሽ የቱን እንደመረጠች መናገር አያስፈልግም። የተደበቀ ኃጢአት ካለ ደግሞ የማን እንደሚሆን ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ አራት ሰው ናቸው፣ ባዳዋ አንዷ ናት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሳሎን ተሰበሰቡ። አበዛሽ፣ ዘገየ፣ ኤልቃና፣ ልዕልት፣ እንደ ምስክር ደግሞ ውባየሁ። ነቢይ አሸብር ከዳላስ በስልክ ነው፤ ስልኩ በስፒከር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ጸለየ፣ ጮኸ። ከዚያ ቀስ ብሎ "ሥሩ ሥር የተቀበረ ነገር አለ" አለ። "ያደረገው ሰው እዚሁ ተቀምጧል። ይናገር።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንት ቤተሰብ ጠይቆ ይሆን? ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ዝም ይላል። ልዕልት ግን መዋሸት የማያውቅ ፍጥረት ናት፤ ጥፋቷም እሱ ነው።

"እኔ ነኝ" አለች።

አበዛሽ ቀስ ብላ ዞረች።

"ያኔ፣ ሁለተኛው…" አለች ልዕልት። "እቤት ነው የወረደው፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ሲሆነኝ። ክሊኒኩ እቤትሽ ሆነሽ ጠብቂ ብሎኝ ነበር። ወጣ። እጁን አየሁት። መጣል አቃተኝ እማማ። ሽንት ቤት ጨምሬ፣ ውሃ ለቅቄበት… አቃተኝ። ከነጠላዬ ቀድጄ ጠቀለልኩትና ዛፉ ሥር ቀበርኩት። ሌላ ምንም አላደረግኩም። ጸልዬ ነው የቀበርኩት።"

"ከማን ጋር?" አለ ስልኩ።

ልዕልት ባሏን አየችው። ኤልቃና የራሱን ስልክ እያየ ነበር፤ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ወደ ላይ ትላለች። አየችው፣ ጠበቀችው። ቀና አላለም።

"ብቻዬን" አለች።

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ጩኸቱን ለቀቀው። "ደም ሰጥታዋለች! ልጅ ሰጥታዋለች! ያን ቀን ነው ኪዳን የተገባው!" ውባየሁ "በኢየሱስ ስም፣ በኢየሱስ ስም" እያለች ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። አበዛሽ ተነስታ ምራቷ ፊት ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረው ግን ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ እፎይታም ነበረበት። ምስክርነቷ ዳነላታ!

"የልጅ ልጄን" አለች፣ "የልጅ ልጄን ለአድባር ገበርሽው?"

"እማማ፣ ቀብር ነው እንጂ…"

"እማማ አትበይኝ!"

"ኧረ በሕግ!" አለ ዘገየ። ከወንበሩ ተነስቷል። "ልጇን ነው የቀበረችው! ሰው ልጁን አይቀብርም?"

"ዘገየ፣ ተቀመጥ" አለች አበዛሽ። አልተቀመጠም። ወደ ጋራዥ ሄደና በሩን ከኋላው ዘጋው።

ንስሐ እስክትገባ ከቤቱ ትለይ ተባለ። በምን ንስሐ እንደምትገባ የነገራት የለም። ልዕልት ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ባሏ ዞረች። "ኤልቃና። አንድ ነገር በል።"

"አይ ሚን…" አለ ኤልቃና። "ላይክ፣ ለጊዜው ትንሽ ስፔስ ቢኖረን ለሁላችንም ይሻላል።"

በዚያው ቀን በሁለት ሻንጣ ወጣች። ኮንየርስ የምትኖር የሥራ ባልደረባዋ ቤት ያደረሳት ዘገየ ነው፤ መንገዱን ሙሉ እንዳለቀሰ ኋላ አንድ ሰው ከሱ አፍ ሰምቷል። ከመውጣቷ በፊት በሩ ላይ ቆማ አበዛሽን "ሌላ ምንም አልለምንዎትም" አለቻት። "ቦታውን ብቻ አያስቆፍሩት።" አበዛሽ በሩን ዘጋችው።

ቸርቹ ልዕልትን አላባረራትም፤ ቸርች እንዲህ አያደርግም። አጠገቧ መቀመጥ ነው የቀረው። ሁለት እሑድ መጥታ በሦስተኛው ተወች። በሰኔ ኤልቃና የፍቺውን ፎርም ኦንላይን ሞላ። በነሐሴ ሚካኤላ የምትባል፣ ሮዝዌል ያደገች፣ ፈገግታዋ ደስ የሚል አካውንታንት ወደ ቤቱ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረች። አበዛሽ ደስ አላት። "ጌታ ያፈረሰውን በተሻለ ይሠራል" አለች፤ ውባየሁም "አሜን" አለች።

የሚካኤላ ቤተሰቦች ለእሑድ ምሳ ተጠሩ። ጉቶው ደግሞ ሰው አክሎ ቆሟል፤ ሠላሳ ምናምን ቀንበጥ፣ ጥቅጥቅ ብሎ። ይሄን እያዩ ምሳ ሊበሉ? አበዛሽ ሐሙስ ከሥራ ቀረችና ቶሚን ጠራችው። የመፍጫ ማሽኑን እየጎተተ መጣ፤ ጓሮ ሲደርስ ቆሞ ሳቀ።

"ነግሬያችሁ ነበር እኮ ማም!" አለ።

"ምኑን ነው የነገርከን?"

"ሬድውድ ነው። ሌላው የጥድ ዘር ከተቆረጠ ሞተ ማለት ነው። ይሄኛው ግን ከጉቶው ይነሳል፣ ተፈጥሮው ነው። በአገሩ እሳት አይገድለው መጋዝ አይገድለው። ካልፈጨሁት ከሁለት ወር አያልፍም፣ ያቆጠቁጣል ብዬ ለልጅሽ ነግሬዋለሁ። እናቴ አይፈጭ ትላለች አለኝ።"

የአበዛሽ ጆሮ ጭው አለ። ሽማግሌው ግንዱን ቸብ ቸብ ሲያደርግ ታያት፤ በየጠዋቱ ቢላዋ ይዛ የተንበረከከችው ታያት፤ "እማማ ልርዳዎት" ያለችው ታየቻት። ከዚያ የራሷን ድምፅ ሰማችው፤ ገበርሽው ስትል። "ትንሽ ጠብቀኝ" አለችውና የቤዝመንቱን ደረጃ ወረደች።

ኤልቃና ሁለት ስክሪን ፊት ተቀምጧል። ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ ነቀለችው።

"ቶሚ ነግሮህ ነበር? እንደሚያቆጠቁጥ?"

"ኦ፣ ያ" አለ። "አዎ፣ ነግሮኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"እማ፣ ካም ኦን። ለኔ ማንም አይነግረኝም ብለሽ እየጮህሽ ነበር። ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ ተውኩት።"

"ያኔስ እሺ። ሲያቆጠቁጥስ? እዚያ ላይ ሁላችንም ስንነሳባትስ?"

ወንበሩን ግራ ቀኝ አወዛወዘ። "ምን ልበል? ነቢዩ ይዋሻል ልበል? እናቴ አታውቅም ልበል? እና ደግሞ…" ቀና ብሎ አያት፣ በዚያ በልጅነቱ ዓይን። "ከሷ ጋር አልቆ ነበር፣ እማ። ዲቮርስ እንደምፈልግ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም ነበር። ቸርቹ፣ አባዬ፣ አንቺ… እናንተ ራሳችሁ ጨረሳችሁልኝ። ኢት ዋዝ ኢዚየር።"

አበዛሽ ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ብቻዋን ነው የቀበረችው?" አለች፤ መልሱን እየፈራች።

"አይደለም" አለ ኤልቃና። "ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። አካፋውን ከጋራዥ አምጥቼ። የጸለይኩትም እኔ ነኝ፤ እሷ ማውራት አልቻለችም ነበር።"

ከውጭ የቶሚ ማሽን ተነስቶ ሲሞቅ ይሰማል። ኤልቃና የእናቱን ፊት አይቶ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና ዘረጋላት። "ከፈለግሽ ደውይላት። ንገሪያት። ቸርችም ላይ ንገሪ። ሚካኤላም ትስማ፣ አይ ዶንት ኬር።" ስልኩን ግን አጥብቆ ነው የያዘው። ስክሪኑ ላይ የልዕልት ስም አለ፤ አንድ ንክኪ ነው የሚቀረው።

አበዛሽ ስሙን አየችው። ብትደውል ልጇ ውሸታም ነው፣ ፈሪ ነው፤ ምስክርነቷ የሰው መሳቂያ ነው፤ እሑድ የሚመጣው ምሳ የለም። ባትደውል ኮንየርስ ውስጥ በሰው ቤት የምትኖር አንዲት ልጅ፣ ልጇን ለሰይጣን ሰጠች እንደተባለች ትኖራለች። ይሄን ለማመዛዘን ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም፤ የሚያሳፍረውም ይሄ ነው። ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ምሳ በላህ?" አለችው።

"ኖት የት።"

"ሳህን ላይ አድርጌልሃለሁ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ነው" አለችና ደረጃውን ይዛ፣ እየከበዳት፣ ወጣች።

ቶሚ መነጽሩን አድርጎ፣ ጓንቱን አጥልቆ ቆሟል። "ከመጀመሬ በፊት ማም" አለ ከማሽኑ በላይ እየጮኸ፣ "ሁሌም የምጠይቀው ነው። ምላጩ ጠልቆ ነው የሚገባው። የጋዝ መስመር፣ ኬብል፣ ምንም ይሁን፣ እዚህ ሥር የተቀበረ ነገር አለ?"

አበዛሽ ከጉቶው አጠገብ ያለውን አፈር አየችው።

"የለም" አለችው። "ምንም የለም።"